አጥንት ያልወጣበት መቃብር

ሰውየውን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው «ቱምቢ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቱምቢ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር ነው። ስሙ የወጣለት ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ ሲሄድ ምግቡን ከመቅመሱ በፊት የበሩን መቃን በዓይኑ ይለካል። ጎረቤቱ አጥር ሲያጥር «ወደ ግራ ዘሟል» ብሎ ቆሞ ያስፈርሳል። ወሬ እንኳ ሲሰማ የዘመመውን ያቃናል፤ «እሱ እንዲህ አላለም፣ እንዲህ ነው ያለው» ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን ራሱ የሰማው ከወጣለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር። ሲሰማም አልተቆጣም፤ «ከጠማማ ስም ይሻላል» አለ አሉ።

እንዲህ ያለው ሰው በሕይወቱ አንድ ጠማማ ሥራ ሠራ። ልነግራችሁ የተነሣሁትም ስለሱ ነው።

ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲጀምር መጀመሪያ የራሱን ቤት ማቃናት ያዘ። የቆመውን መደርደሪያ ነቅሎ እንደገና አቆመ፤ ደጃፉን ቆፍሮ ደረጃ ሠራ፤ ደረጃውን አፍርሶ ሌላ ደረጃ ሠራ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ ውስጥ አቧራው ሲበዛባት «እባክህ ደህናውን እያፈረስክ አታቃና፤ ሂድና የሚያሠራህ ፈልግ» አለችው። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ያለው ሰው የቱምቢ የሥጋ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ላይ የጥንት ሰዎች መቃብር ተገኘ፣ በጎ ፈቃደኛ ቆፋሪ ይፈለጋል የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ደሞዙ ስንት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ቢጠይቅም ደሞዝ የለውም። የሠፈር ሰው «ድሮ እየተከፈለው ይገነባ ነበር፣ አሁን በነፃ ይቆፍራል» ብሎ ሳቀበት።

ኮረብታው ላይ የውኃ ጋን ለመትከል አፈር ሲጠረግ ነው በክብ የተተከሉ ድንጋዮች የወጡት። ጽሑፍ የሚባል ነገር ሳይፈጠር በፊት የኖሩ ሰዎች የተከሏቸው ናቸው። በክቡ ውስጥ ወፍራም አመድ አለ፤ በአመዱ ውስጥ የታረዱ ከብቶች አጥንት አለ። በአንድነት ተሰብስበው የበሉበት፣ አምላካቸውን የለመኑበት ቦታ ነው። ዙሪያውን ደግሞ ሙታናቸውን ቀብረዋል፤ በጎናቸው አስተኝተው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው፣ ብርድ የነካው ሰው እንደሚተኛው አድርገው። ከራስጌያቸው ማሰሮ አለ።

ቁፋሮውን የምትመራው ወጣት ሴት ናት። ዶክተርነቷ የጥንት ነገር በማጥናት እንጂ በማከም አይደለም፤ ቢሆንም «ዶክተር» የሚለውን ስም የሰሙ አሮጊቶች መጀመሪያ ሰሞን ወገባቸውን ሊያሳዩአት ተሰልፈው ነበር። እሷም አላሳፈረቻቸውም፤ ጎንበስ ብላ «እኔ የማውቀው የሞተ ሰው ወገብ ብቻ ነው እማማ» እያለች አሳቀቻቸው። መሬቱን በችካልና በሲባጎ እየከፈለች ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ መደብ ሰጠች። አካፋና ዶማ ለላይኛው አፈር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ስሚንቶ በሚመርጉበት ማንካ እየፋቁ፣ በብሩሽ እየጠረጉ፣ የወጣውን አፈር በባልዲ ወስደው በወንፊት ይነፋሉ። አጥንት ያገኘ ሰው በእጁ አይነካም፤ ባልዲውን በማንካው ሁለት ጊዜ ይመታል። ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ዝም ይላል። ዶክተሯ ያወጣችው ደንብ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ከመጀመሪያው አጥንት ጀምሮ ያመጡት ነው። ቢሞት ቢቆይም ሰው ሰው ነው ብለው ነው።

ሚስቱ በመጀመሪያ ምሳ ልታደርስለት ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን ወንፊቱ ላይ ጎንበስ ብላ ከጠጠሩ መካከል የጤፍ ፍሬ የማታህል ዶቃ በሁለት ጣቷ ለቅማ አወጣች። ዶክተሯ ይህን አይታ መልሳ ወደ ቤት አልለቀቀቻትም። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ስታጎርስ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗ ቢደክም እንኳ እጇ ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ሁለቱም ኮረብታው ላይ ይበሉ ጀመር። የእነሱ ጎረቤት መደብ የአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ነው፤ የማይቀልድበት ነገር የለም፤ «ለእነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ይዤ መጥቼ አድራሻቸው ጠፋኝ» እያለ የራስ ቅል ይጠርጋል።

ባልና ሚስቱ አንድ ልጅ ነበራቸው። «ነበራቸው» ማለት በቤታቸው ክልክል ነው፤ «አላቸው» ነው የሚባለው። ልጁ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ባሕር ተሻግሬ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ከወደቡ ደውሎ «ነገ እንነሣለን፣ አይዟችሁ» አለ። ጀልባዋ ተነሣች፤ የደረሰችበትን ያየ ግን የለም። ሰመጠች የሚል ወሬ መጣ፤ የተረፉ አሉ የሚል ወሬም ተከተለ፤ የተረፉትን ያየ ሰው አውቃለሁ የሚል ሰው ተገኘ፤ በኋላ ያም ሰው ጠፋ። አሥር ዓመት አልፎታል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ይህን ልጅ ግን ሞቷል ብሎ የደፈረ ስለሌለ አንገቱን እንኳ የሚያስረዝምለት አላገኘም። ጎረቤት ስሙን አያነሣም። ካነሣም በሽተኛ የተኛበት ክፍል እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

እናቱ በየዓመቱ የልጁን ሱሪዎች ከቁም ሳጥን አውጥታ ወገባቸውን ትለቃለች። «ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንድ ይወፍራል፤ እንደ አባቱ ነው የሚሆነው» ትላለች። በስፌቱ ውስጥ የተረፈው ጨርቅ አልቆ አሁን በሌላ ጨርቅ እየቀጠለች ነው። ቱምቢ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲጀምር ይወጣል፤ ደጅ ቆሞ የማንንም ግድግዳ ያያል።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እርማችንን እናውጣ፤ አልቅሰን ይውጣልን» ብሏት ነበር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለችና «ልጄን በአፍህ አትግደለው» አለችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ምግብ ታቀርብለታለች እንጂ አላናገረችውም። እሱም ዳግም አላነሣውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው፤ ግን ሆዱ ነገሩን ሳይሆን ነገሩ ሆዱን ነው የፈጀው። ቱምቢ በዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ነው፤ ልጁን ቀብሮ መሞት። የሚቀብረው ነገር ግን የለም፤ ቢኖርም ሚስቱ አታስቀብረውም።

የቁፋሮው ወቅት ሊያልቅ ሲል ከድንጋዮቹ ክብ መካከል ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ። ጎረምሶች በብረት እየፈነቀሉ፣ ቱምቢ «ቀስ፣ ቀስ፣ በዚህ በኩል አትጫኑት» እያለ ድንጋዩ ተነሣ። ከሥሩ ያለው መቃብር እስከዚያ ቀን ካዩት ሁሉ የተለየ ነበር። ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቷል፤ ቱምቢ ውስጡን በማንካው ጫፍ ነክቶ «ይህን የገነባ ሰው ሥራውን ያውቃል» አለ፤ ከእሱ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። ከራስጌ ሁለት ማሰሮ አለ፣ ከግርጌ አንድ። ዶቃዎች በአንገት ቅርጽ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እጅ ሊሆን በሚችልበት በኩል የድንጋይ መጥረቢያ አለ። ወለሉ ላይ ቀይ አፈር ተነስንሷል። በመካከል አንድ ሰው በጎኑ ሊተኛበት የሚችል ቦታ አለ። ሰውየው ግን የለም።

«ተነሥቶ ሄዷል እንዴ?» አለ ፖስተኛው። ማንም አልሳቀለትም፤ ወዲያው እሱም በተናገረው ተጸጸተ።

ዶክተሯ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። በሌሎቹ መቃብሮች አጥንቱ ደህና ነው፤ አፈሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ክዳኑም ተነክቶ አያውቅም። «እዚህ ውስጥ የገባ ሰው አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ መቃብር በሌላ ቦታም ይገኛል። ወንዝ የወሰደው ይሆናል፣ አደን ሄዶ የቀረ ይሆናል። ሳይመለስ ሲቀር ዕቃውን ቀበሩለት።»

«ሳይሞት?» አለች የቱምቢ ሚስት። ሁሉም ዞሮ አያት። «መሞቱን ማን ነገራቸው? አስከሬን ሳያዩ የሚቀብሩ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«እማማ፣ ምናልባት ብዙ ጠብቀው ይሆናል።»

«አጥንቱ አለ፤ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት» አለችና ወንፊቷን አንሥታ ወደ አፈሩ ክምር ሄደች።

የዚያን ቀን ማምሻ ላይ ከኮረብታው ሲወርዱ ነው ቱምቢ ፉጨቱን የሰማው። ልጁ ከውጭ ሲመጣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ያፏጭ ነበር፤ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሣ። ቱምቢ ቆሞ ወደ ኋላ አየ። ድንጋዮቹ ብቻ ነበሩ፤ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል። ነፋስ ነው አለ በሆዱ። ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ከደጅ በኩል ደግሞ ሰማው፤ ቤቱ ጋ ነፋስ የሚያፏጭበት ድንጋይ የለም። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ራት እያቀረበች ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። እሱም ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ።

ከዚያ በኋላ ፉጨቱ በየማምሻው ይመጣ ጀመር። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልቁል የሚያይ ወጣት ጥላ በዓይኑ ጫፍ ያልፍበታል። ዞር ሲል ባልዲ ነው፣ ወይም የፖስተኛው ኮት ነው። ቱምቢ በመናፍስት የሚያምን ሰው አይደለም። ፈራ ግን። ልጁን አይደለም የፈራው፤ ልጁ ደጅ ቆሞ መግቢያ አጥቷል የሚለው ሐሳብ ነው ያስፈራው። በሕይወት ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ከሞተ ግን ማረፊያ የሰጠው የለም። እንዲህ እያሰበ ማንካው ከእጁ ይወድቃል።

ሚስቱ በበኩሏ ከወንፊቱ አልተለየችም። ከባዶው መቃብር የወጣውን አፈር፣ አንዴ የተነፋውን፣ እንደገና ነፋችው። ጣቶቿ ተሰነጣጠቁ። ምሳዋን ረስታ መዋል ጀመረች። ዶክተሯ «እማማ፣ ሌላው ቢቀር ጥርስ ይገኝ ነበር፤ ጥርስ አይጠፋም» ስትላት፣ «እኔም እሱኑ ነው የምፈልገው» አለች። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ተያዩ። ሰውየው በመቃብሩ ውስጥ ከተገኘ፣ አስከሬን ሳያይ የሚቀብር ሰው በዓለም ላይ የለም ማለት ነው። እንግዲያው ማንም መጥቶ እርምሽን አውጪ ሊላት አይችልም።

ቱምቢ ግን የዚያን ጉድጓድ ነገር ሌላ አድርጎ ነው ያየው። ዶቃዎቹን ያየበት ቀን ከዓይኑ አልጠፋም። የሆነ ሰው፣ አባት ይሁን እናት፣ አንገት በሌለበት የአንገት ጌጥ ዘርግቷል። ክቡን ለማስተካከል እንኳ ተጨንቋል፤ አንዷ ዶቃ ከመሥመር አልወጣችም። አንድ ቀን ዶክተሯን ለብቻዋ አግኝቶ ጠየቃት።

«ዶክተር፣ ቀብረውት ሲያበቁ ቢመጣስ?»

«ማን ጋሼ?»

«ሰውየው። ባለ መጥረቢያው።»

ዶክተሯ ስለ እነሱ ቤት የሰማችው ነገር ነበር። «ቢመጣማ ምን ችግር አለው» አለችው። «እየሳቁ ጉድጓዱን ያሳዩት ነበር።»

ይህ ነገር ከቱምቢ ልብ ገባ። ለአሥር ዓመት እንዲህ ያለ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም።

ዝናብ ሳይገባ ጉድጓዶቹ ሊደፈኑ ሆነ። የወጣው ዕቃ ታሽጎ ተወሰደ፤ ባዶው መቃብር አሁን እውነትም ባዶ ሆነ። ሊደፈን አንድ ቀን ሲቀረው ቱምቢ፣ ሚስቱ ወንፊቱ ላይ እንዳለች፣ ጓንት ረሳሁ ብሎ ወደ ቤት ወረደ። የውሸት መጀመሪያው ይህ ነው። ቤት ገብቶ የአዝራር ቆርቆሮዋን ከስፌት መኪናው መሳቢያ አወጣ። ከአዝራሮቹ ሥር በነጭ ጨርቅ የተቋጠረች ነገር አለች። የልጃቸው የመጀመሪያዋ የወለቀች ጥርስ ናት። የኮክ ፍሬ በጥርሱ ሊሰብር ሲታገል ጫፏ በአንድ በኩል ተሸርፎ ነበር፤ ስትወልቅ ደግሞ ስቅስቅ ብሎ አልቅሷል፣ ድዱ ባዶውን የሚቀር መስሎት። ከዚያ ልጅ አካል በእጃቸው ያለችው ይህች ብቻ ናት። ቱምቢ ጨርቁን መልሶ ባዶውን ቋጠረው፤ ቋጠሮውም እንደ እሷ ቋጠሮ እንዲሆን ደጋግሞ ፈታው፣ አሰረው።

ሁሉም ሰው ከወረደ በኋላ «ሲባጎውን ልሰብስብ» ብሎ ቀረ። ወደ መቃብሩ ወርዶ ተንበረከከ። ከራስጌው፣ ዶቃዎቹ ከነበሩበት ከፍ ብሎ፣ ወለሉን በአውራ ጣቱ ፈንቅሎ ጥርሷን አስቀመጣት፤ አፈር አለበሳት፤ በመዳፉ ደለደላት። ምን እንደሚባል አያውቅም። «በቃ ልጄ፣ እረፍ» አለ። ድምፁ በድንጋዮቹ መካከል የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ተሰማው። ሲወርድ ፉጨት የለም። ቤት ሲገባ ፉጨት የለም። ራቱን አጣጥሞ በላ፤ ተኛም፤ ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ጠዋት ሲነቃ ሚስቱ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ትናንት አልመጣም» አለችው።

«ማን?»

«አትዋሸኝ። አንተም ትሰማዋለህ። ጫማህን ስታወልቅ እጅህ ቀጥ ሲል አይቼሃለሁ።»

ቱምቢ ተነሥቶ ተቀመጠ። እሱን ያስፈራው ነገር ለካ እሷን የሚያኖራት ነበር። ፉጨቱን እሷ ለዓመታት ስትሰማው ኖራለች፤ ሰምታ ነው ቀና ብላ የምትሄደው፣ ሰምታ ነው ሱሪ የምትለቀው። «ምናልባት ነፋሱ ቆሞ ይሆናል» አለ፤ ለራሱም ጠማማ ሆኖ ተሰማው።

«የሆነ ነገር ሆኗል» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬን ተክዬ አደርኩ። ጸጥ። እንደዚህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።» ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ምሳ እንኳ አልያዘችም።

ተከትሏት ኮረብታው ላይ ሲወጣ ዶክተሯን ይዛ እየለመነች ነው። ከመደፈኑ በፊት ወለሉን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጣት ያህል ብቻ ልፋቀው ትላለች። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ የሴትዮዋን የተሰነጣጠቁ ጣቶች አየችና «እሺ እማማ» አለች።

ቱምቢ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ሮጠ። «ተይ፣ ይበቃል፣ ተጠርጎ ያለቀ ነገር ነው» አለ። አልሰማችውም፤ ወርዳለች። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ምን ብሎ ይጀምር? ልጅሽን ትናንት እዚህ ቀብሬዋለሁ ይበል? ድንጋይ ማጋዝ ጀመረ። አንድ አነሣ፣ አንድ አስቀመጠ፤ ከግርጌ ትጀምር ይሆናል፣ ትደክም ይሆናል እያለ። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቀውን እጅ ረስቶ ነው።

ባልዲው ሁለት ጊዜ ተመታ።

ኮረብታው ጸጥ አለ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። «ጥርስ!» አለች። «ጥርስ ነው! አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» እየሳቀች ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ያልሳቀች ሴት። በጎ ፈቃደኞቹ ከየመደባቸው እየዘለሉ መጡ፤ ፖስተኛው አጨበጨበ፤ አንዱ «ሰውየው ተገኘ!» እያለ ቁልቁል ለነበሩት ጮኸ። ቱምቢ ድንጋዩን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

ዶክተሯ ወርዳ ጥርሷን በወረንጦ አነሣቻት፤ በአጉሊ መነጽር አየቻት፤ ገልብጣ አየቻት። «የልጅ ጥርስ ነው፤ የወተት ጥርስ» አለች። «ደግሞ እዩ፣ ሥሩ አልቋል። ከሞተ ልጅ አፍ የወጣ አይደለም፤ በጊዜው ተነቃንቆ የወለቀ ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ይህ ጥርስ ሲወልቅ ልጁ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላም አድጓል።»

«ሰማህ?» ብላ ከጉድጓዱ ወደ ባሏ ቀና አለች። «አድጓል!»

ከዚህ የከፋ ነገር ቱምቢ ሰምቶ አያውቅም። ዶክተሯ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ከኪሷ አወጣች፤ ግንባሯ ግን ተቋጥሯል። «የሚገርመው ንጣቱ ነው» አለች ለራሷ። «በዚህ ሁሉ ዘመን...»

«እስቲ እኔም ልየው» አለች ሚስቱ፤ መነጽሩን ተቀብላ ጎንበስ አለች።

ደስታው ከፊቷ ላይ ባንዴ አልጠፋም። ቀስ እያለ ነው የወረደው። ጥርሷን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፤ የተሸረፈውን ጫፍ በጥፍሯ ነካችው፤ እንደገና ነካችው። ከዚያ መነጽሩን ለዶክተሯ መለሰች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ከፍታ ከረጢቱ ላይ የመደቡን ቁጥር ልትጽፍ ነው።

«ዶክተር፣ አትጻፊው!» አለ ቱምቢ ከላይ። ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ። «እሱ የዚህ ቦታ...»

«የልጄ ነው» አለች ሚስቱ።

ያጨበጨበው ፖስተኛ ሁለት እጁን ከኋላው ደበቀ።

«መቼ ነው?» አለችው ባሏን።

«ትናንት። ሁላችሁም ከወረዳችሁ በኋላ።»

«ምን አልከው?»

«እረፍ አልኩት።»

ራሷን ነቀነቀች። ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አፈር ትበትንበታለች፣ ከእንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር አንኖርም ትለዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ወለሉ ላይ፣ ሰው በጎኑ ሊተኛበት በሚችለው ቦታ አጠገብ ተቀመጠች። «ብቻህን ቀበርከው» አለች። «እናቱ ሳታለቅስለት።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ አለቀሰችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የአሥር ዓመቱ ነው የመጣው። ልጇን በስሙ እየጠራች፣ በቤት ስሙ፣ በቁልምጫ ስሙ እየጠራች አለቀሰች። ከላይ የቆሙት በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ መሬት ተቀመጡ። ቱምቢ ወርዶ አጠገቧ ሆነ፤ ሊነካት ግን አልደፈረም።

ብዙ ከቆየ በኋላ ዶክተሯ ከረጢቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «እኛ ጉድጓድ ስንደፍን ከሥር ከዘመናችን የሆነ ነገር እናስቀምጣለን» አለች በቀስታ። «ሳንቲም ምናምን። ኋላ የሚቆፍሩ ሰዎች እዚህ ሰው ደርሶ እንደነበር እንዲያውቁ። ከዚህ ወለል በታች ደግሞ ማንም ያልነካው አፈር ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለም።» ይህን ብላ ሌሎቹን ይዛ ወደ ድንጋዮቹ ዘወር አለች።

ሚስቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ጥርሷን በመዳፏ ጨብጣ ቆየችና ለባሏ ዘረጋችለት።

«ቆፍር» አለችው።

ቱምቢ ማንካውን ይዞ ከራስጌው መቆፈር ጀመረ። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ሲገባ ቀና ብሎ አያት።

«ይበቃል?»

«አይበቃም። እጄን ታውቀዋለህ» አለችው። «እኔ የማላገኘው ድረስ ቆፍር።»